ለደግፌ ዓይን የተሰጠው ፍሪጅ

ለደግፌ የቀረችው አንዲት ዓይን ናት። ቀኙ ሳያመው፣ ሳያሳክከው፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የጠፋው። ሃያ ሁለት ዓመት በኮልፌና በዓለም ባንክ መስመር ሚኒባስ የነዳ ሰው፣ አንድ ቀን በስተቀኝ ቆሞ እጁን የሚያወዛውዝ ተሳፋሪ ጥሎ አለፈና ረዳቱ «ጋሼ፣ አላየኸውም እንዴ?» ሲለው ነገሩ ተገለጠ። ሐኪሟ የዓይን ግፊት ነው አለች። ቀኙ አልቆለታል፤ ግራው ደግሞ መንገድ ጀምሯል፤ ጠብታውም አልመለሰውም። ስለዚህ ግንቦት አሥራ ሦስት፣ ሐሙስ ቀን፣ ዓይኑ ተከፍቶ ግፊቱን የምታስተነፍስ ትንሽ ቱቦ ትገባለታለች። ቱቦዋ ሆስፒታሉ ውስጥ የለችም፤ ከውጭ መድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚያመጣት ቤተሰብ ነው። ቀኑ ካለፈ እንደገና ወረፋ፤ ይቺ ዓይን ደግሞ ወረፋ የምትጠብቅ አይደለችም። ባልና ሚስት ተሰናብተው ሲወጡ ሐኪሟ ሚስቱን ለብቻዋ ጠራቻትና «አደራ እናቴ፣ እስከዚያ እንዳይናደዱ፣ እንዳይጨነቁ» አለቻት። ሰርኬ ይቺን ቃል ይዛ ወደ ቤቷ ገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፉ ወሬ በደጃፏ እንዲያልፍ አልፈቀደችም። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» እያለች መማል ልማዷ ነበር፤ እሱን እንኳ ተወች።

ሰርኬን ሰው የሚያውቃት በእርጎዋ ነው። ከአጠና ተራ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አምስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ፣ በሯ ላይ አንድ አግዳሚ አስቀምጣ በብርጭቆ ትሸጣለች። ደግፌ መሪውን ከለቀቀ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእርጎው ነው፤ እርጎው ደግሞ በፍሪጁ። ፍሪጁ ግን አቤት ሲያጓራ! ከነበሩበት የድሮ ቤት አብሯቸው የመጣ፣ የበሩ ጎማ የላላ፣ ሞተሩ አንዴ ከተነሳ መተኛት የማያውቅ አሮጌ ነው። ግቢው ቆጣሪው አንድ፣ ቢሉ አንድ ነው፤ ለአምስት ይካፈላል። የመብራት ታሪፉ እየጨመረ ሲመጣ ቢሉ በደረሰ ቁጥር ያው ሁሉም ዞሮ የሰርኬን በር ያያል። አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም፤ ጎረቤት ነዋ። ዝምታው ግን ከስድብ ይብሳል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው የወረዳው ስብሰባ የተጠራው። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል፣ አሮጌ ፍሪጁን አስመዝግቦ ቆጣቢ ምልክት ያለበትን አዲስ ፍሪጅ የገዛ ሰው፣ የዋጋው ግማሽ ከመንግሥት ይመለስለታል ተባለ። ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን አንድ ሠራተኛ መጥቶ አሮጌውን ፍሪጅ በስልኩ ፎቶ አነሳው፤ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ጻፈ፤ ሰርኬንም አስፈረማት። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። ሰርኬ የመጀመሪያውን አነበበች።

ፋሲካ ደርሶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ዓመቱን ሙሉ የእርጎ ነጋዴ ዓይኑን ጥሎ የሚጠብቃት ጊዜ ይህችው ናት። እጃቸው ላይ ያለው ብር ደግሞ የቱቦዋ ብር ብቻ ነው። ማታ ራት ላይ ቁጭ ብለው ተማከሩ።

«በሃያ ቀን ግማሹ ይመለሳል ብለዋል» አለች ሰርኬ። «የቀረውን የሃምሳው ቀን እርጎ ይሞላዋል። ግንቦት አሥራ ሦስት ገና የት ነው?»

«መንግሥት ሲቀበል እንጂ ሲመልስ አይቼ አላውቅም» አለ ደግፌ፣ ያቺን አንድ ዓይኑን እያጠበበ። ቢሆንም ሳቀ። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ ግዢው።»

አዲሱ ፍሪጅ ተገዛ። ነጭ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ምን የለው። ሰርኬ ጀምሯል ወይ እያለች እጇን ጀርባው ላይ ታደርግ ነበር።

በዚያው ሳምንት ፋሪዳ ቤት ለቀቀች። ፋሪዳ ማለት የግንብ ለግንብ ጎረቤቷ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በሯ ላይ ድንችና ሽንኩርት ደርድራ አንዲት ልጇን የምታሳድግ ሴት። ልጅቷ ሲሃም ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ሦስት ዓመት ሙሉ ኢንሱሊኗ የተቀመጠው ሰርኬ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእርጎው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ጠዋትና ማታ «እማማ ሰርኬ፣ መጣሁ» ትላለች፤ ብልቃጧን ትወስዳለች፤ ትመልሳለች። አሁን አከራይዋ ክፍሉን ለልጄ እፈልገዋለሁ አለችና ፋሪዳ ዓለም ባንክ ዳር ላይ አንዲት ክፍል አገኘች። ሰው የማታውቅበት ሰፈር። ዕቃዋን ስትጭን መድኃኒቱን በረዶ የተሞላ ፔርሙስ ውስጥ አድርጋ፣ ፔርሙሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ሰርኬ ይህን አየች፤ አንጀቷ አልቻለም።

አሮጌው ፍሪጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቅዝቃዜው ለንግድ ባይበቃም ለሁለት ብልቃጥ መድኃኒት ይተርፋል። ሰርኬ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረችና «ይሄን ፍሪጅ ለዚች ልጅ ሰጥቻለሁ። ለደግፌ ዓይን ነው፤ ስለቴ ነው» አለች። ስለት የሚገባው ጉዳዩ ሲደርስ ነው፤ እሷ ግን ለእግዜር ቀብድ ከፈለች። ፋሪዳ ፔርሙሱን ለልጇ ሰጥታ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ አላህ የደግፌን ዓይን እንዲያበራ፣ በሷና በልጇ ስም ለመነች። ደግፌ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። «ደግ አደረግሽ» አላት በኋላ። «አሁን ልቤ አረፈ።»

ፋሲካ አለፈ። እርጎው ተሸጠ፤ ግን ሃያው ቀን አልፎ ሃያ አምስት ሲሆን ከመንግሥት የመጣ ነገር የለም። ሰርኬ ወረቀቷን በፌስታል ይዛ ወረዳ ሄደች። ጉዳዩን የያዘችው ናዝራዊት የምትባል ልጅ ናት፤ ትሑት፣ ዓይኖቿ ከኮምፒውተሩ የማይነሱ። ፈለገች፣ አገኘች፣ ፊቷ ጠቆረ።

«እናቴ፣ የእርስዎ ያልተከፈለው ርክክብ ስላላደረጉ ነው።»

«የምን ርክክብ?»

«የአሮጌው ፍሪጅ። አሮጌውን ያስረክባሉ፣ እኛ እናስወግደዋለን፣ ከዚያ ነው ተመላሹ የሚከፈለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። አሮጌው ሌላ ቤት ሄዶ መብራት መብላቱን ከቀጠለ እኮ መንግሥት ምን ቆጠበ?»

ሰርኬ ክው አለች። ነገሩ እውነት ነው፤ የሚያናድደውም ይሄው ነው። የሚሰድቡት ሰው እንኳ የለም።

«ሰጥቼዋለሁ ልጄ» አለች።

«ለማን?»

«ለስለት።»

ናዝራዊት ይህን የት ላይ እንደምትሞላው ግራ ገባት። ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና ብላ ሰርኬን አየቻት። «እናቴ፣ ያስመልሱት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «የዚህ ዙር ፋይል የሚዘጋው ዓርብ ነው። እስከ ዓርብ ካመጡት እኔ ራሴ ቶሎ እንዲያልፍ አደርጋለሁ። ካለፈ ግን በእኔ እጅ አይደለም።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ለቀዶ ሕክምናው የቀረው ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው።

ያልሞከረችው ነገር የለም። አዲሱን ፍሪጅ ልትሸጥ አሰበች፤ ገዢው መጥቶ የፕሮግራሙን ምልክት ሲያይ «ይሄ እኮ ሁለት ዓመት አይሸጥም፤ ነገ ቢጠይቁኝስ?» ብሎ እጁን አራገፈ። ዕቁቧን ገና በየካቲት ወስዳ ለጠብታውና ለምርመራው ጨርሳዋለች። ወንድሟን ጠየቀች፤ ወንድሟ እሷን የሚጠይቅበት ቀን ላይ ነበር። ፍሪጅ ጠጋኙ ኢብራር ጋ ሄዳ የሞተ ፍሪጅ ካለህ ስጠኝና በሱ ላስረክብ አለችው። ኢብራር ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን አቆመ።

«እትዬ፣ ፎቶ አንስተውታል። ቁጥሩም ተጽፏል። የሌላውን ይዘሽ ብትሄጂ ሌባ ነው የሚሉሽ» አላት።

ማታ ደግፌ «መንግሥት መለሰ ወይ?» አላት፣ ሊያስቃት። «በዚህ ሳምንት ነው» አለችው። ትራሱን አስተካከለችለት፤ ጠብታውን አደረገችለት፤ ብቅ ያለውን እንባ በጣቷ ጠረገች። እሱ የመድኃኒቱ መስሎታል። እሷ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ምን ያህል ነውር እንደሆነ የኮልፌ ልጅ አይነገረውም። እንዲያው የጎረቤት ወንፊት እንኳ «ካልፈለግሽው» ተብሎ በስንት ማመካኛ ነው የሚጠየቀው። ስለት ሲሆንማ! የፈጣሪን ከፈጣሪ እጅ መንጠቅ። ደግሞስ የተሰጠው ለዚያችው ዓይን አይደል? ብትወስደው ዓይኑን ቢቀጣበትስ? ባትወስደው ደግሞ ዓይኑ በቀጠሮ ነው የምትጠፋው። እንዲህ ስታስብ ነጋ።

ረቡዕ ከሰዓት የዓለም ባንክ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ረዳቱ አወቃት፤ የደግፌ ሚስት አትከፍልም ብሎ ብሯን መለሰላት። «ጋሼ ዓይኑ ተሻለው?» አለ። «ሊሻለው ነው» አለችው። መስኮቱን ይዛ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ የምትለውን ነገር ስትለማመድ ሄደች። ፋሪዳዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ፋሪዳዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሁሉም አፏ ውስጥ ተበላሸባት።

የፋሪዳ ክፍል በተርታ ከተሠሩት የቆርቆሮ ቤቶች ጫፍ ላይ ያለችው ናት። ኮርኒስ የላትም፤ የከሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲመታው ውስጡ ያቃጥላል። ፍሪጁ ከአልጋው ራስጌ፣ ከቤቱ ደህና በተባለው ቦታ ላይ ቆሞ፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሷል። እንደ ልማዱ ያጓራል። ፋሪዳ ሰርኬን ስታይ በደስታ ዘላ አቀፈቻት፤ ሻይ አፈላች፤ ዳቦ ቆረሰች። ሲሃም አልጋው ላይ ደብተሯን ዘርግታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«ሰው የተዋወቅሁት በዚህ ፍሪጅሽ ነው» አለች ፋሪዳ። «ወተት አስቀምጪልኝ የምትል ትመጣለች፣ ውሃ አቀዝቅዢልኝ የሚል ይመጣል። ያለሱ እስከ ዛሬ ባዕድ ነበርኩ። በየሶላቴ ደግፌን ሳልጠራ አላልፍም።»

ሰርኬ ሻዩን አልጠጣችውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

«ሰርኬ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ፋሪዳ። «ደግፌ ባሰበት?»

ነገረቻት። ያን ሁሉ የተለማመደችውን ትታ ከሁለተኛው ገጽ ጀመረች፤ ዓርብን ነገረቻት፤ ቱቦዋን፣ ወረፋውን፣ ያልሸጠችውን ፍሪጅ፣ ያላበደራትን ወንድሟን፣ ሁሉንም። ስትጨርስ ክፍሉ ውስጥ ከፍሪጁ ሞተር በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«ለደግፌ ዓይን ብለሽ ሰጠሽኝ» አለች ፋሪዳ። «ለደግፌ ዓይን ብለሽ ትወስጃለሽ። እኔ ምን እላለሁ?»

«ስደቢኝ። ሂጂ ውጪልኝ በይኝ።»

«ምን ብዬ እሰድብሻለሁ? ዓይን ነው እኮ።»

ተነሳች። ዳንቴሉን አነሳችና አራት አድርጋ አጠፈችው። የሰዎቹን ወተት አወጣች። ከዚያ ሲሃም ማንም ሳይነግራት ከአልጋው ወርዳ ሁለቱን ብልቃጦች በመዳፏ ይዛ አወጣች፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። እንዲህ ሲደረግ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል ብላ አስተማሪዋ የነገረቻት ነው። ልጅቷ ማሰሮውን አልጋው ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ አስገባችው። ፋሪዳ ሶኬቱን ነቀለች፤ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጸጥ አለ።

አዲሱን አመጣልሻለሁ የሚለው ቃል ሰርኬ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የደግፌ ነገር ባለቀ ማግሥት አዲሱን ጭኜ አመጣልሻለሁ። ግን እርጎውስ? ቤቱ በምን ይቆማል? የታከመ ዓይን ጠብታ ይፈልጋል፤ ጠብታው ብር ይፈልጋል። ቃሏን ዋጠችው። «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይላሉ፤ የሷ ችግር ግን ያስበላት የገዛ ቃሏን ነው።

ፒክአፕ ተከራየች። ፋሪዳ በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው ወገን ሆነው ፍሪጁን ከሾፌሩ ጋር አወጡት። ሲሃም በሩ ላይ ቆማ «እማማ ሰርኬ፣ ለጋሼ ደግፌ ሰላም ይበሉልኝ» አለቻት። ሰርኬ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ደግፌ እንዳያየው ፍሪጁን ኢብራር ጋ አሳደረችውና በማግሥቱ ሐሙስ የርክክቡ ቦታ ወሰደችው። አሮጌ ፍሪጆች እንደ ታሰረ ከብት የተደረደሩበት ሰፊ መጋዘን ነው። ተረካቢው ገመቹ የሚባል ቴክኒሺያን ነው፤ ቁጥሩን አመሳከረ፣ ሶኬት ሰክቶ ሞከረው።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ይሠራል» አለ እየተገረመ።

«ይሠራል።»

«ያሳዝናል። ግን ሞተሩ ካልተበሳ ደረሰኝ የለም፤ ሕጉ ነው።» ጋዙን ወደ ሲሊንደር ስቦ ጨረሰና መሰርሰሪያውን አነሳ። ሰርኬ ወደ ውጭ ልትወጣ አስባ ነበር፤ ግን እዚያው ቆማ አየች። ይህን ያህል እንኳ አለብኝ ብላ ነው። ብረቱ ሲበሳ ጥርሷን ነከሰች። ደረሰኙን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችውና በእግሯ እስከ ቤቷ ሄደች፤ ታክሲ መሳፈሩ ራሱ ከብዷት።

ናዝራዊት ቃሏን ጠበቀች። ገንዘቡ በስምንተኛው ቀን ገባ፤ ቱቦዋ በዘጠነኛው ቀን ተገዛች፤ ከሰው አውራ ጣት በምታንስ ሣጥን ውስጥ። ደግፌ ሣጥኗን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ለዚች ነው ይሄ ሁሉ?» አለ። «መንግሥትም ይመልሳል ማለት ነው፤ በሕይወቴ ይሄን ማየቴ!» ደስ ብሎት ዋለ። ሰርኬ ደስታውን ስታይ ሁሉን ሆድ ይፍጀው አለች። ለፋሪዳ አንድ ቀን ደውላ ነበር፤ «ደህና ነን» አለቻት ፋሪዳ፣ አሳጥራ። ሁለተኛ ለመደወል ድፍረቱ አልመጣላትም። ማሰሮው አልጋ ሥር ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አስተማሪዋም ብላለች፣ እያለች ራሷን አስተኛች።

ግንቦት አሥራ ሦስት፣ ሐሙስ። ሲነጋ ከኮልፌ ተነስተው ሆስፒታል ደረሱ። ደግፌ አረንጓዴውን ጋውን ለብሶ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ሰርኬ አጠገቡ ሆና እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። ስልኳ ጮኸ። ፋሪዳ ናት።

«ዛሬ አይደል ቀኑ?» አለች ፋሪዳ። «ገባ እንዴ?»

«አልገባም፣ እዚሁ ነው…»

«ማን ነው?» አለ ደግፌ። «ፋሪዳ ናት? ስጪኝ፣ ስጪኝ።» ሰርኬ ልትከለክለው ምክንያት አጣች። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። «ፋሪዳ፣ እንደምን አለሽ። አዎ፣ አሁን ሊያስገቡኝ ነው። አሜን፣ አሜን። ኧረ ዱዓሽማ ደርሶልኛል።» ቀጥሎ ሰርኬ ስትፈራው የቆየችው መጣ። «ፍሪጁስ? እየሠራልሽ ነው?»

የሐኪሟ አደራ፣ የተበሳው ሞተር፣ ሁሉም በአንዴ ሰርኬ ፊት ድቅን አለ።

«እሰይ» አለ ደግፌ። «እሰይ። ሲሃምስ? እሰይ፣ ተመስገን።» ፊቱ በራ። ስልኩን ለሰርኬ መለሰላት። «ፍሪጁ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም ነው የምትለው። ልጅቷም ደህና ናት። አየሽ፣ ስለትሽ ሰመረ።»

ነርሷ ስሙን ጠራች። ተነሳ፤ በሩ ጋ ደርሶ እንደ ድሮው፣ ሾፌር እያለ እንደሚያደርገው፣ እጁን ወደ ኋላ አወዛወዘላት። በሩ ተዘጋ።

ሰርኬ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄዳ ደወለች።

«ገባ?» አለች ፋሪዳ።

«ገባ። ፋሪዳዬ፣ ስለሸፈንሽልኝ…»

«ለሱ ብዬ ነው። ወደ ቢላ የሚሄድ ሰው አይሸበርም።»

«ሲሃም ግን የእውነት ደህና ናት?»

«ትናንት ነው ከሆስፒታል የወጣነው» አለች ፋሪዳ። «አምስት ቀን ተኛች። ራሷን ስታ ነው የወሰድኳት። መድኃኒቱን ሙቀት በልቶታል አሉኝ። ይሄ ቆርቆሮ የማታውቂው አይደለም፤ ማሰሮውም አልቻለው። እኔ ጠዋት ማታ እወጋታለሁ። ለካስ ውሃ ነው የምወጋት።»

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ደውዬ ምን ልበልሽ? አንቺ ያንን ዓይን ይዘሻል። ልቀቂው ልበልሽ?»

«አዲሱን አመጣልሻለሁ» አለች ሰርኬ። «ዛሬውኑ። እሱ ከዚህ እንደወጣ ፒክአፕ ይዤ… እርጎው ይቅር፣ ምንም ሠርቼ እበላለሁ…»

«አታምጪ።»

«ፋሪዳ…»

«አታምጪ፣ ሰርኬ። ተቆጥቼ አይደለም፤ አላህ ያውቃል፣ ደግፌ ድኖ እንዲያየኝ ነው የምለምነው። ግን ልጄ መድኃኒቷን በእጇ አውጥታ ፍሪጁን ስታስረክብሽ አይቻታለሁ። ሁለተኛ አላይም። ነገ ደግሞ ሌላ ገጽ ቢመጣስ? ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ነርስ እኛ ጋ አስቀምጪው ብላኛለች። ሩቅ ነው፤ ጠዋትና ማታ እንመላለሳለን። ግን ማንም አይወስድብንም።» ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ሲወጣ ሰላም በይልኝ። ዓይኑን አደራ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰርኬ መልሳ ደወለች፤ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ልትጸልይ አስባ ስለ ማን እንደምትጸልይ ቸገራት፤ የትኛውን ስም አስቀድማ ብትጠራ ሌላኛው ያሳፍራት ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ነርሷ ብቅ ብላ «የአቶ ደግፌ ቤተሰብ?» አለች።

ሰርኬ ተነሳች።

«በጥሩ ሁኔታ አልቋል። ግፊቱ ወርዷል፤ ዓይናቸው ተርፏል። ትንሽ ቆይተው ገብተው ያዩዋቸዋል።»

ሰርኬ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ነውና መቆም አቃታት፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። በኮሪደሩ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ነርሷ ደንግጣ ጎንበስ አለችና ትከሻዋን ያዘቻት።

«እናቴ፣ ደስ ይበልዎት እንጂ። ያያሉ እኮ፤ ድነዋል።»

ሰርኬ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«ደስ ብሎኝ ነው» አለች።